ሦስት አንቀጽ ለፊት፣ ሰባት ለእጅ

ማክቴልት የብርቱውን ውኃ ማሰሮ ከካባዋ ሥር አቅፋ በዓሣ ገበያው መሐል ትጣደፍ ነበር። እግሯ ይሮጣል፤ ከወገቧ በላይ ግን ቀኗ እንደ ደረሰ ነፍሰ ጡር ነው የምትጠነቀቀው። ማሰሮው ቢሰነጠቅ መዳብ የሚበላው ውኃ መጀመሪያ ቀሚሷን፣ ቀጥሎ ሆዷን እንደሚበላ ታውቃለች። ከመድኃኒት ቀማሚው ሱቅ ከወጣች ወዲህ ሦስት ጊዜ የተሰነጠቀ መስሏት፣ ሦስት ጊዜ ቆማ ዳብሳዋለች።

ከኋላዋ ከበሮው ይመታል። ወደ ምሥራቅ ለሚሄዱት መርከቦች ሰው የሚመለምሉት ሁለት የአስር አለቆች በሃርለም ከተማ አዳራሽ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተው ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ምዝገባው ዛሬ፣ ቅዳሜ ማታ ያበቃል። የተመዘገቡትን የምትወስደው ጀልባ ነገ ጠዋት ትነሣለች። የበኩር ልጇ ሌንደርትም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለውን ከበሮ ተከትሎ ነበር የሄደው። ከስድስት ዓመት በኋላ የተመለሰው ሳጥኑ ብቻ ነው። በሳጥኑ ውስጥ አንድ ሸሚዝ ነበር፤ ሸሚዙም የእሱ አልነበረም።

በዳቦ ጋጋሪው ማዕዘን ስታልፍ ቀና ብላ አላየችም። ባሏ ኤቲየን በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ የሚጠብቃት እዚያ ነበር። እሱ የቫላንሲየን ሰው ስለሆነ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ወደሚሰበሰቡባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ወደ ታላቁ። ሁልጊዜ እሱ ቀድሞ ይወጣና እጁን በብብቱ ሸጉጦ፣ በብርድ አፍንጫው ቀልቶ ይጠብቃታል። ስትመጣም ያቺኑ አንዲት ቀልድ ይደግማታል፦ «ምነው፣ የእናንተ ዳዊት ገና የመጀመሪያዋን በግ እየቆጠረ ነው እንዴ?» ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አልሳቀችለትም። ባለፈው ጥር ከሞተ ወዲህ ግን ቀልዷ ትዝ ባለቻት ቁጥር ሆዷ ይባባል።

ቤት ስትደርስ በሩን በክርኗ ገፋችው። ልጇ ዮሪስ ገበታው ላይ አጎንብሷል። ከፊቱ ጥቁር ሰም የተቀባው የመዳብ ሰሌዳ ተኝቷል፤ መርፌው ሰሙን በጫረበት ሁሉ መዳቡ እንደ ቀይ ፀጉር ያበራል። ሰሌዳው ላይ አንድ ሽማግሌ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ ቫዮሊኑን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ይጫወታል። ሽማግሌው ራሱ ደግሞ በሥጋው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የአተር ሾርባ ይጠጣል። ስሙ ክሬሊስ ነው፤ በየሠርጉና በየመጠጥ ቤቱ ቫዮሊን እየመታ የሚኖር፣ ግራ እግሩ የሚያነክስ ሰው። ዮሪስ ሲሥለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይነቃነቅ ተቀምጦለታል። ሥራው ትናንት ቢያልቅም ሾርባው አላለቀም ብሎ ዛሬም መጥቷል።

«መጡ እሜቴ!» አለ ክሬሊስ። «ፊትዎ የቀብር ፊት ነው። ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም» አለችው። ማሰሮውን መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። «ዮሪስ፣ ተቀመጥ። የምነግርህ አለ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ እማዬ።»

«እንግዲያው ቁም።»

ክሬሊስ ማንኪያውን እንደያዘ ሳቀ። ዮሪስ አልሳቀም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻምበል ባርቶልት ይመጣል። ባርቶልት የከተማው ዘብ ሻምበል ነው፤ እንጀራው ግን የኅትመት ሥዕል ንግድ ነው። የኤቲየንን ሥዕሎች እስከ ሩቋ ዳንዚግ ከተማ ድረስ ይሸጥ የነበረው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ተናግሯል፦ «ልጁ መዳቡን እንደ አባቱ ማስበላት ከቻለ ሥራው የእሱ ነው። ካልቻለ ለሌላ እሰጣለሁ።» ዮሪስም የእሱን ቁርጥ ተናግሯል። ሥዕሉ ከተበላሸ፣ ከበሮው ዘንድ ነው የሚሄደው።

«አባትህ ሊሞት ሲል የነገረኝ ነገር አለ» አለች ማክቴልት። «ሰሌዳውን በብርቱው ውኃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያቆየው ነው። በዳዊት ነበር የሚለካው። በሩን ዘግቶ አንዱን መዝሙር እየዘመረ፣ ለሩቁ ነገር አንድ አንቀጽ፣ ለፊት ሦስት፣ ለእጅ ሰባት፣ ለጥቁሩ ጥላ አሥር። የትኛው መዝሙር እንደሆነም ነግሮኛል።»

ዮሪስ መርፌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «በጥር ነው የሞተው።»

«አዎ።»

«አሁን መስከረም ነው። ሁለት መዳብ አበላሽቻለሁ እኮ እማዬ! አንዱ እንደ ሸረሪት ድር ቀጥኖ፣ አንዱ እንደ ጭቃ ጠቁሮ። እዚሁ፣ ዓይንሽ ሥር! እያየሽ ዝም?»

«እያየሁ ዝም።»

«ለምን?»

«አባትህ እንዴት እንደሞተ አላየህም?» አለች። «መዳብ የሚበላ እንፋሎት ሳንባ ይምራል ብለህ ነው? ሁለት ክረምት ደም ሲተፋ ሳፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ካላወቅኸው ይሰለችሃል፣ ትተወዋለህ ብዬ ነበር።»

«ትቼውስ ምን ልሆን ነበር?»

ይህን አስባው አታውቅም። አእምሮዋ ልጇን በየቀኑ በአዲስ አሟሟት ሲገድል ነው የኖረው፤ ከሞት ሸሽቶ የት እንደሚውል ግን አንድም ቀን አላሰበችም። መልሱን የሰጠው በገበያው በኩል የሚመታው ከበሮ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እሷ ሁለት ነገር ፈርታ ነበር፤ አንዱን ለመምረጥ ዛሬ ተገደደች። ሳል ቢሆን ቢያንስ እቤቷ ውስጥ ነው። ሳፋ ልትይዝለት ትችላለች።

«መስኮቱ ይከፈታል» አለች። «በእርጥብ ጨርቅ አፍንጫህን ትሸፍናለህ። ያለዚያ አንዲት አንቀጽ አልዘምርም።»

«እሺ። ሁሉንም እሺ።»

ብርቱውን ውኃ ጠርዙ ከፍ ባለ የሸክላ ሳህን ውስጥ ቀዱት። የገዛችው ለአንድ ሰሌዳ የሚበቃውን ብቻ ነው፤ ከተበላሸ ሌላ ውኃም፣ ሌላ መዳብም የለም። ዮሪስ የሰሌዳውን ጀርባና ጠርዝ በዝፍት ሸፍኖ ሲያበቃ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ አጠለቀው። ወዲያው ትንንሽ አረፋዎች ከየጭረቱ ላይ ተነሡ፤ ውኃው ጭረቱን በበላው መጠን ሲታተም ይጠቁራል። በዝይ ላባ ጠረጋቸው።

ማክቴልት ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ከልጅነቷ ጀምሮ በታላቁ ቤተ ክርስቲያን እንደተማረችው፣ አንዱን ቃል አንሥታ ትንፋሿ እስኪያልቅ ያዘችው፤ እንደገና ተነፈሰችና ሁለተኛውን አነሣች። ሁለት ሺህ ሰው በአንድነት ሲዘምር ከዚያ በላይ መፍጠን አይችልም፤ የፊተኛው ወንበር ሲጨርስ የኋላው ገና ይጀምራል። እሷም በዚያው ልክ፣ እንደተጫነ ጋሪ እየጎተተች አንዱን አንቀጽ ጨረሰች።

«አውጣው!»

ዮሪስ አውጥቶ በንጹሕ ውኃ አጠበው። ከሽማግሌው ጀርባ ያለው ግድግዳ የሩቅ ነገር ስለሆነ ከዚህ በላይ መበላት የለበትም። በብሩሽ ዝፍት ቀባበት፤ ዝፍቱ እስኪደርቅ ጠበቁ። ዮሪስ በአንድ ጠርዝ ላይ ጥፍሩን አስገብቶ ጭረቱን ዳበሰ።

«ጠለቅ አላለም?»

«አባትህ ያለው ነው። አንድ ለሩቁ።»

«ጥፍሬን ያዘኝ እኮ።»

«እግዚአብሔርን ይዘህ ዝም በል።»

እንደገና ተጠለቀ። አሁን ለፊቱ እስከ ሦስት ይደርሳሉ። ማክቴልት ሁለተኛውን አንቀጽ አነሣች። አንድ ቃል። ትንፋሽ። ሌላ ቃል። የምድጃው እንጨት ተሰነጠቀ። ከመስኮቱ ውጪ ከበሮው ቆሞ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛውን አንቀጽ ግማሽ ላይ ስትደርስ ክሬሊስ ሳቁ አመለጠውና ሾርባው በአፍንጫው መጣ።

«ይቅር በሉኝ እሜቴ» አለ እየሳለ። «በዚህ አካሄድ ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ተቀብሮ እርስዎ ሦስተኛው ላይ አይደርሱም። ነፍሱን ይማረውና ኤቲየን እንዴት አብሮዎት ዘመረ?»

«እሱ ከእኔ ጋር አይዘምርም» አለች፤ አንቀጹን በማቋረጧ ተናዳ። «በራሱ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚ...»

አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«አዎ እንጂ!» አለ ክሬሊስ፤ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ። «በሁለቱም ደጃፍ ቆሜ ለምኛለሁ። ከትንሿ የሚወጡት ሾርባቸው ሳይቀዘቅዝ ነው። ከታላቁ የሚወጡት ጢም አብቅለው ነው።»

የእናንተ ዳዊት ገና የመጀመሪያዋን በግ እየቆጠረ ነው እንዴ?

ማክቴልት ጮኸች። ምን እንዳለች ራሷም አልሰማችም። ዮሪስ ላባውን እንደያዘ ደንግጦ ሲያያት እጇን እስከ አንጓዋ ብርቱው ውኃ ውስጥ ከትታ ሰሌዳውን መዥረጥ አድርጋ አወጣችው። ባልዲው ውስጥ ጨመረችው። እጇም አብሮ ገባ።

«ምን አደረግሽ? ገና አንድ ተኩል ነው!»

«በእኔ አንድ ተኩል ነው!» አለች። «አባትህ ግን በእኛ ልክ አልነበረም የሚዘምረው። በፈረንሳይኛው ነው፤ በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ልክ! እኔ ደንቆሮ! ሃያ ስድስት ዓመት በየእሑዱ ሲነግረኝ!»

ዮሪስ ሰሌዳውን አየ፤ ወደ መስኮቱ አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። እንደ ሌንደርት ፊት ረጋ ያለ ሆነ። ከበሩ ኋላ ከተሰቀለው ካፖርቱ ዘንድ ሄደና አንድ እጅጌውን አጠለቀ።

«የት ነው?»

«ከተበላሸ አልኩሽ አይደል? ተበላሸ። ጠረጴዛቸው እስኪመሽ አለ።»

ማክቴልት በሕይወቷ ሙሉ መጥፎውን ነገር ከሁሉ ቀድማ የምታይ ሴት ናት። ጎረቤቶቿ ሟርተኛ ይሏታል። አሁን ግን ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ የተቃጠለ እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ቆመች።

«ክሬሊስ፣ ቫዮሊንህን አንሣ።»

«አሁን?»

«መዝሙሩን ታውቀዋለህ። በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ልክ ምታው፤ እኔ በእኔ ልክ እዘምራለሁ። እኔ አንዱን አንቀጽ ስጨርስ አንተ ስንት እንደጨረስህ ቁጠር።»

«እሜቴ፣ ይህ ቫዮሊን ትናንት ማታ ምን ሲጫወት እንዳደረ ቢያውቁ ዳዊትን አያስነኩትም ነበር።»

«አንሣ ብዬሃለሁ!»

ክሬሊስ ደጋኑን በሱሪው ጠርጎ ቫዮሊኑን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ያው ሥዕሉ ላይ እንዳለው አፉን ገርበብ አድርጎ ጀመረ። መዝሙሩ በእሱ እጅ እንደ ሰው ይራመድ ነበር፤ አይሮጥም፣ አይጎተትም። ማክቴልት ከጎኑ ቆማ ቃሏን ጎተተች። እሷ አንዱን ስትጨርስ እሱ ሦስተኛውን ዘጋ።

«ሦስት» አለ ክሬሊስ። «ቁርጥ ሦስት።»

ዮሪስ አንድ እጁ ካፖርቱ ውስጥ፣ አንዱ ውጪ እንደሆነ ቆሞ ቀረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው፤ እያሰላ ነው።

«ግድግዳው አንድ ሊበላ ሦስት በልቷል» አለ በመጨረሻ። «ፊቱ ሦስት ሊበላ አራት ተኩል።»

«እጁስ? እጁ ሰባት ነው!»

«እጁ... እሱም አራት ተኩል ነው የበላው።»

«እንግዲያው ለእጁ ሁለት ተኩል ቀርቶታል» አለች። «ለጥላው ከዚያ በኋላ ሦስት። ካፖርትህን አውልቅና ፊቱን በዝፍት ሸፍነው። ክሬሊስ፣ እንዳትቆም።»

ዮሪስ አወለቀ። የሽማግሌውን ፊት እንዳለ፣ ከሚገባው በላይ እንደተበላ፣ በዝፍት ሸፈነው። ዝፍቱ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ሰሌዳው ሳህኑ ውስጥ ገባ፤ ክሬሊስም የምታነክሰውን እግሩን ዘርግቶ የገዛ እጁ መዳብ ውስጥ የሚገባበትን ጊዜ በገዛ እጁ ሲለካ ዋለ። ማክቴልት በጣቷ ትቆጥራለች። ዮሪስ ከእርጥቡ ጨርቅ በላይ ዓይኑ ብቻ እየታየ አረፋውን ይጠርጋል። ሁለት። ሁለት ተኩል። ወጣ፣ ታጠበ፣ ተሸፈነ፣ ተመለሰ። ከሽማግሌው ባርኔጣ ሥር ላለው ጥቁር ጥላ ሦስት አንቀጽ። የመጨረሻው ላይ ክሬሊስ በሠርግ ልማዱ መዝጊያውን በጣቱ አንቀጥቅጦ አሳመረው።

«ያ አልተጻፈም!» አለች ማክቴልት።

«ለእጄ ጉርሻ ነው እሜቴ።»

ሰሙን በሞቀ ጨርቅ ጠርገው፣ ቀለም ቀብተው፣ መዳፋቸውን በኖራ ዱቄት አሽተው ትርፉን አበሱ። እርጥቡን ወረቀት አልብሰው የማተሚያውን መዘውር ሲያዞሩ በሩ ተንኳኳ። ሻምበል ባርቶልት ነበር፤ የሐር መታጠቂያውን እንደታጠቀ፣ ሰይፉ የበሩን ጉበን እየመታ ገባ። ከዘብ ሰልፍ በቀጥታ መምጣቱ ነው።

«እንደምን ዋሉ ወይዘሮ። ቤቱ ይሸታል።»

«ሥራ ነው ጌታዬ።»

ዮሪስ ወረቀቱን ከሰሌዳው ላይ ላጠውና ወደ መስኮቱ አቀረበው። ማክቴልት አላየችም። ሻምበሉን ነበር የምታየው። ሻምበሉ ከቦርሳው ከኤቲየን ሥዕሎች አንዱን፣ ዋሽንት የምትነፋ ልጅ ያለችበትን፣ አውጥቶ ጎን ለጎን ያዘው። የኤቲየን ግድግዳ እንደ ማለዳ ብሩህ ነበር።

«ግድግዳው ጠቁሯል» አለ ባርቶልት።

ዮሪስ በቀለም የጠቆረ መዳፉን በሱሪው ጠረገ።

«ፊቱም ከብዷል። አባትህ ቢሆን ይህን ግድግዳ አያስበላም ነበር። የአባትህ ሰዎች ሁልጊዜ ጠዋት ላይ ነው የሚጫወቱት።» ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «ይህ ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት አድሮ ሙሽሮቹ እንኳ የተኙበት ነው።»

«እሱ ነኝ!» አለ ክሬሊስ ከምድጃው አጠገብ። «ልክ ነው! እግሬን የሚያመኝ ያን ጊዜ ነው!»

ባርቶልት ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። ጣቱን ሥዕሉ ላይ፣ ደጋኑን በያዘው እጅ አጠገብ አቆመ። «እጁ ግን...» አለ። «እጁ አሁን የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ይህን ማን አስበላው?»

ማክቴልት የተቃጠለ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ዮሪስ አያትና፣ «እናቴ ናት» አለ።

«ዳዊት ነው» አለ ክሬሊስ። «እኔ ደጋን በማቀበል ረዳሁት።»

ሻምበሉ የማን ቀልድ እንደሆነ አልገባውም፤ ሊጠይቅም አልፈለገም። «ይህን እወስዳለሁ» አለ ሰሌዳውን በለስላሳ ጨርቅ እየጠቀለለ። «በሚቀጥለው ግን ጠዋት እፈልጋለሁ። ነጭ ግድግዳ። ሁለተኛውም ከጠቆረ ዳግመኛ ይህን በር አላንኳኳም።» ሰይፉ ጉበኑን መልሶ መታና ወጣ።

ክሬሊስ ድስቱን ጠርጎ ሄደ። ዮሪስ የቀረውን ቀን ብዙ አልተናገረም። ማታ ሁለት ጊዜ አሳለው። ማክቴልት ሁለቱንም ቆጠረች።

እሑድ ጠዋት ስትነሣ አልጋው ባዶ ነበር። ካፖርቱም የለም። የታላቁ ቤተ ክርስቲያን ደወል እየጠራ ሳለ ከወንዙ በኩል ከበሮው ሦስት ጊዜ ተመታ፤ የተመዘገቡት እየተጫኑ ነው። ወደ ወደቡ ልትሮጥ ፈለገች፤ ግን ምናልባት ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እንደሆነስ ብላ ወደዚያው ገሠገሠች። በወንዶቹ ወንበር የእሱ ቦታ ባዶ ነበር። ልትወጣ ስትዞር መተላለፊያው ሞልቷል፤ በሮቹም ተዘግተው ሁለት ሺህ ሰው የመጀመሪያውን ቃል አንሥቷል።

አንድ ቃል። ትንፋሽ። ሁለተኛው ቃል። ጀልባዋ ገመዷን ትፈታለች። ትንፋሽ። ሦስተኛው ቃል። ጀልባዋ ድልድዩን ታልፋለች። ሌንደርትም እሑድ ነበር የሄደው። በዋዜማው ማታ ምንም አላለም ነበር፤ ዮሪስም እንዲሁ። ሻምበሉ ሁለተኛው ከጠቆረ አላንኳኳም ሲል ነው የዮሪስ ልብ የተቆረጠው። ትንፋሽ። በዚህ ልክ መዳብ ቢጠልቅ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተበልቶ በተበሳ ነበር። ጎኗ ያለችው ሴት በክርኗ ነካቻት፤ እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። አሥር አንቀጽ። ጌታ ሆይ፣ አሥሩንም።

በሩ ሲከፈት ቡራኬውን አልጠበቀችም። ሰው እየገፋች፣ ባርኔጣ እያወደቀች ወጣች። በዓሣ ገበያው በኩል ወደ ወንዙ ለመታጠፍ የዳቦ ጋጋሪውን ማዕዘን ስትይዝ ከአንድ ሰው ጋር ተላተመች።

ዮሪስ ነበር። እጁን በብብቱ ሸጉጦ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ።

«የት ነበርክ?» አለች። ደረቱን በሁለት እጇ መታችው።

«ከትንሿ ቤተ ክርስቲያን። ልኩን ልለማመድ ብዬ።» ጣቶቹን አወጣና አሳያት፤ እንደ ቆጠረ ሰው ታጥፈዋል። «ሾርባ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳሉ፤ ክሬሊስ እውነቱን ነው። ቆሜ እስክደነዝዝ ጠበቅሁሽ እማዬ። ምነው፣ የእናንተ ዳዊት ገና የመጀመሪያዋን በግ እየቆጠረ ነው እንዴ?»

በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማክቴልት በዚያች ቀልድ ሳቀች። ዮሪስም ሳቀ። እሷ ግን ቶሎ ዝም አለች፤ በሳቁ መጨረሻ ላይ ሳል ይኖር እንደሆነ ልትሰማ ጆሮዋን አቀናች።

አልነበረም። ለዛሬ አልነበረም። ክንዱን ይዛ ወደ ቤት መራችው፤ መስኮቱን ለመክፈት።